ባልዘሩት ማሳ ማጨድ

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። ተወልዳ ያደገችው እዚያው አሜሪካ ነው፤ አማርኛዋ ግን እናቷ ስለተጋችበት የሚያሳፍር አይደለም። ‹‹ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን እንደ አጎት ሳይሆን እንደ አስተማሪ መልስልኝ›› አለችኝ።

ዘመኑ 2019 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጅቱ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በጥሩ ውጤት ይዛለች። ምኞቷ የኩላሊት በሽታን ማጥናት፣ በዚያም ዶክትሬት መሥራት ነበር። አምስት ዩኒቨርሲቲ አመለከተች፤ አምስቱም አልተቀበሏትም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ‹‹የምርምር ልምድ የለሽም››። ከየት ታምጣው? አባቷ ታክሲ ነጂ ነው። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። እሷም አራቱን የኮሌጅ ዓመታት ማታ ማታ በአንድ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ስትቀበል ነው ያሳለፈችው። በክረምት ጓደኞቿ ያለ ክፍያ በፕሮፌሰሮች ላቦራቶሪ ብልቃጥ እያጠቡ ሙያውን ሲለምዱ፣ እሷ ለሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ክፍያ ትሠራ ነበር።

በኋላ ግን ለእንዲህ ዓይነቶቹ ተማሪዎች የተዘጋጀ የአንድ ዓመት የምርምር ሥልጠና እንዳለ ሰማች። አመለከተች፤ ተቀበሏት። ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም። ከአንድ ኮሌጅ የወጣች፣ በዚያው መድኃኒት ቤት አብራት የሠራች ጓደኛ አለቻት። አያቶቿ አላባማ ውስጥ በጥጥ እርሻ ላይ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ውጤታቸው ያው፣ ድህነታቸው ያው፤ በማመልከቻው ላይ ‹‹ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ›› በሚለው ሣጥን ውስጥ ያኖሩትም ምልክት ያው ነው። ጓደኛዋን ግን አልተቀበሏትም።

‹‹ጋሼ፣ ወንበሩ አንድ ነበር፤ እኔ ተቀመጥኩበት። ግን ይኼ ወንበር የተሠራው ለእሷ ወገኖች መሰለኝ። ልግባ ወይስ ልተውላት?›› አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ‹‹ነገ እደውልልሻለሁ›› አልኳት። ነገ ያልኩት ግን ሳምንት ሆነ። ይህች ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ሐሳብ ናት፤ ከዚያ ወዲህ የመጣውንም ጨምሬባታለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማት በ2000 ‹‹ፕሬፕ›› በሚል አጭር ስም የሚታወቅ መርሐ ግብር ጀመሩ። ገንዘቡ የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲዎች ነበር። እነሱም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ ከ3 ዓመት ያልበለጣቸውን ወጣቶች ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይቀበሉ ነበር። ሠልጣኙ ደመወዝ እየተከፈለው አብዛኛውን ጊዜውን በላቦራቶሪ ያሳልፍ ነበር፤ በቀረው ጊዜ ስታቲስቲክስ ይማር፣ የሳይንስ ጽሑፍ ማንበብና መጻፍ ይለማመድ፣ ለዶክትሬት የሚያበቃውን ማመልከቻ ያዘጋጅ ነበር። የሚመረጡት በጤና ሳይንስ ምርምር ቁጥራቸው እጅግ ካነሰ ወገኖች ነበር፤ ከጥቁሮች፣ ከላቲኖች፣ ከአገሬው ቀደምት ሕዝቦች፣ ከአካል ጉዳተኞችና ከድሃ ቤተሰብ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሳይጠይቀኝ የማይቀር ጥያቄ አለ። ‹‹እኩልነት ማለት ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይደለም ወይ? ለአንዱ ተጨማሪ ዓመት ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ አድልዎ ነው›› የሚል። ይህን ጥያቄ አልንቀውም። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ስለው የኖርኩት ነገር ነውና።

በአገራችን አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ለሴቶችና ታዳጊ ለሚባሉት ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግላቸው ነበር። እኛ መምህራን በሻይ ሰዓት እናማለን። ‹‹ደረጃው ወደቀ›› እንላለን። አንድ ቀን ከቆላ አርብቶ አደሮች አካባቢ የመጣች ተማሪ ቢሮዬ ገባች። ‹‹መምህር፣ ማይክሮስኮፕ በዓይኔ ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። ሌሎቹ ሲጨርሱ እኔ ገና አላወቅኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቦራቶሪው ቢከፈትልኝ…›› አለችኝ። ቁልፉ በእጄ ነበር። ‹‹እዚህ ሁሉም እኩል ነው፤ ለአንቺ የተለየ ሰዓት የለም›› አልኳት። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከተባረሩት መካከል ስሟን አየሁ። ያን ዕለት ፍትሕ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያች ልጅ ‹‹አመሰግናለሁ›› የበለጠ የሚከብደኝ ቃል የለም።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው፤ በር ዝቅ ማድረግና ደረጃ መሥራት ለየቅል ናቸው። በሩን ዝቅ አድርገን አስገባናትና ውስጥ ያለውን ግድግዳ ግን እንዳለ ተውነው። ከዚያ መውጣት ሲያቅታት ‹‹አላልናችሁም!›› አልን። እንደ ፕሬፕ ያለው ሥልጠና ግን በሩን አይነካውም። የዶክትሬቱ ፈተና፣ የፕሮፌሰሮቹ ጥያቄ፣ የምርምሩ ጥራት ሁሉ እንደነበረ ነው። የሚሰጠው ነገር ጊዜ ነው፤ ያውም ባለጸጋው ልጅ ከወላጆቹ ኪስ አስቀድሞ ያገኘውን ጊዜ። የጌታው ልጅ በነጻ ብልቃጥ ያጠበበትን ክረምት ማንም ‹‹አድልዎ›› አላለውም። ለድሃው ልጅ ክረምቱ ሲከፈልለት ነው አድልዎ የሚባል ቃል የሚሰማው። እኩል መሮጫ ላይ የቆሙ ሰዎችን በአንድ ፊሽካ ማስነሣት ፍትሕ ነው፤ አንዱ ማገዶ ተሸክሞ ቆሞ ሳለ ፊሽካ መንፋት ግን ፍትሕን መምሰል ብቻ ነው።

ይህ እንግዲህ ለሠልጣኙ የሚደላ ክርክር ነው። ግን ጉዳዩ የሠልጣኙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ‹‹ሐኪም መሆን ያልቻለ ነጋዴ ይሁን›› ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ዕውቀቱ ራሱ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አሜሪካ ጨርሰው አገራቸው እንደተመለሱ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር የቢልሃርዝያን ነገር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ሥፍራ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ወንዙን ያየ ብዙ ነው፤ እንዶዱንም ያየ ብዙ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ ‹‹ለምን?›› ያለው ግን የላቦራቶሪ ትምህርትም የእንዶድ አረፋም በአንድ ራስ ውስጥ የነበሩት ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ባይገኙ ጥያቄው አይወለድም ነበር። ከተወለደ በኋላም መከራው አላለቀም። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ደክመው፣ በ1989 ‹‹አማራጭ ኖቤል›› እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ቢያገኙም፣ ትልቁ እንቅፋታቸው አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሳይንስ አመኔታ የሚነፈገው መሆኑ ነበር።

ይህ የአፍሪካ ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2011 ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ የጤና ምርምር ገንዘብ ከሚጠይቁ ዶክተሮች መካከል ጥቁሮቹ በትምህርት፣ በሥልጠናና በታተመ ጽሑፍ ከነጮቹ ጋር ሲመሳሰሉ እንኳ ገንዘቡን የማግኘት ዕድላቸው በ10 ነጥብ ዝቅ እንደሚል አሳየ። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዱን ምክንያት ገለጠ፤ ጥቁር ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚመርጡት ርእስ፣ ማለትም የማኅበረሰብ ጤና፣ የኑሮ ልዩነት፣ ሕዝብን በጅምላ የሚመለከት ጉዳይ፣ ገንዘብ የማግኘት ዕድሉ ከሌላው ያነሰ ነው። ተመራማሪው ብቻ ሳይሆን ጥያቄውም በር ላይ ይቆማል ማለት ነው።

ጥያቄው በር ላይ ሲቆም ማን ይጎዳል? የእህቴን ልጅ የሳበው የኩላሊት ነገር ምስክር ይሁነኝ። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ ከደም ምርመራ የሚያሰላ ቀመር አለ። ከ1999 ጀምሮ በብዛት ይሠራበት የነበረው ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ21 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገው ነበር። የጥቁር ሰው ጡንቻ ይበዛል በሚል ግምት መሆኑ ነው። እንግዲህ ያው የደም ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር ቢሆኑ፣ ነጩ ‹‹ታሟል›› ሲባል ጥቁሩ ‹‹ገና ደህና ነህ›› ሊባል ይችላል፤ ወደ ስፔሻሊስት መላኩም፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተራ መያዙም ይዘገይበታል። በሁለት ቁና መስፈር ይሏል ይህ ነው። ቀመሩ ከዘር ነጻ እንዲሆን የተወሰነው በ2021 ነው፤ ለዚያም ጥቁር ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ብዙ ጮኸዋል። በጣት ጫፍ ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጂን መለኪያም ያው ነው። በ2020 መጨረሻ የወጣ ጥናት መሣሪያው የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጂን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ 3 እጥፍ ያህል እንደሚሆን አመለከተ። ያን ዓመት ዓለም ሁሉ ትንፋሹን በዚያ መሣሪያ ይለካ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጥራት አለበት። ቆዳ አያስብም። ጥቁር ስለሆነ ብቻ የጥቁርን በሽታ የሚያውቅ የለም፤ ነጭ ስለሆነ የማያየውም የለም። ዓይን የሚከፈተው በኑሮ ነው። እናቱ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን ለማሳጠብ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ስትቀያይር ያየ ልጅ፣ ላቦራቶሪ ሲገባ ይዞት የሚገባው ጥያቄ አለ። ያን ልጅ በሩ ላይ ብንመልሰው የምናጣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጥያቄውም አብሮት ይመለሳል።

እስከዚህ ድረስ ለእህቴ ልጅ ‹‹ግቢ›› ለማለት የሚያስቸግር የለም። የሚቸግረው ከዚህ በኋላ ነው። ‹‹ግቢ›› ስላት በማን ስም ትግባ?

እኛ በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን የማንወደው ወሬ አለ። አሜሪካ የገባንበት በር በማን እንደተከፈተ ማውራት አንወድም። ጥቁሮቹ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በውሻ እየተነከሱ፣ እየታሰሩ፣ እየተገደሉ የታገሉት ትግል የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ አስገኘ። በዚያው ትግል መንፈስ በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ዘርንና አገርን መሠረት ያደረገውን ኮታ ሻረ። ከዚያ በ1980 የስደተኞች ሕግ ተከተለ፤ እኛም ገባን። የገባን ዕለትም አንዳንዶቻችን ‹‹እኛ እንደነሱ አይደለንም›› ማለት ጀመርን። ቅጽ ስንሞላ ግን እንደነሱ እንሆናለን።

በ2004 ሁለት የታወቁ የሐርቫርድ ምሁራን፣ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጉዊኒየር፣ ይህንኑ ጉዳይ በአደባባይ አነሡት። በዩኒቨርሲቲያቸው ካሉት ጥቁር ተማሪዎች አብዛኛዎቹ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ፣ የእነሱ ልጆች ወይም የቅልቅል ቤተሰብ ልጆች እንደሆኑ አሳሰቡ። በ2007 የወጣ ጥናትም በ1999 ወደ ተመረጡ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁሮች 27 በመቶው የመጤ ወገን መሆናቸውን፣ በዚያ ዕድሜ ካሉት የአገሪቱ ጥቁሮች መካከል ግን መጤው 13 በመቶ ብቻ እንደነበረ አሳየ። ቁናው ሞላ ይባላል፤ የሞላው ግን በማን እህል ነው?

በነገሩ ውስጥ ሦስት ዕዳ ተቀላቅሎ አገኘሁት። አንዱ ካሳ ነው። ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ ቱስኪጊ የመንግሥት ሐኪሞች 399 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ገበሬዎች፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ፣ ሳያክሙ የበሽታውን አካሄድ ብቻ ሲመለከቱ ኖሩ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። በሕክምና ምርምር ስም የተበደለ ሕዝብ በሕክምና ምርምር ውስጥ ቦታ ይገባኛል ቢል ካሳ ነው። ይህ ካሳ የእኛ አይደለም። አያቶቻችን የራሳቸው መከራ ነበራቸው፤ በዚያ መከራ ግን የአሜሪካ መንግሥት ባለዕዳ አይደለም።

ሁለተኛው ዕዳ የድሃ ነው። የታክሲ ነጂ ልጅ፣ ማታ እየሠራች የተማረች፣ በየትኛውም ቆዳ ብትሆን ይገባታል። ሦስተኛው የዕውቀት ዕዳ ነው፤ ሳይንስ ያላያቸውን ሰዎች የማየት ግዴታ። እዚህም ላይ እኛ እንገባለን። በ1996 ስዊድን ውስጥ በምትሠራው በእሌኒ አክሊሉ መሪነት የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው መድኃኒት የሚያብላላውን አንድ ጂን ከመጠን በላይ ይዘው እንደሚገኙ አሳየ። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በእንዲህ ያለ ሰው ሰውነት ውስጥ ቶሎና በብዛት ሞርፊን ይሆናል፤ ለሌላው ልክ የሆነው ለእሱ አደጋ ነው። ‹‹ጥቁር›› በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ ብንታጎር ይህ አይታይም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በ2010 የምዕራብ አፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡ የአንድ ጂን ሁለት ለውጦች ተገኙ። ከእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ በትውልድ የበዙ ናቸው ይባላል። በባርነት የተጫኑት ሰዎች ይዘዋቸው ተሻገሩ። በ2011 የወጣ ጥናት ግን በኢትዮጵያውያን ዘንድ እነዚያ ለውጦች እንደሌሉ ገለጸ። እንግዲህ ደሙ ራሱ ‹‹አንድ አይደላችሁም›› ይላል። የእኛ ልጅ ወንበሩ ላይ ስለተቀመጠች የእነሱ ጥያቄ ተነሣ ማለት አይደለም።

በሳምንቱ ደወልኩላት። ‹‹ግቢ›› አልኳት፤ ‹‹በሁለቱ ዕዳ ይገባሻል። ሦስተኛውን ግን የራሴ ነው ብለሽ እንዳትበዪው። ስምሽን እንዳልተጠራሽበት አድርገሽ አትግቢ። ማን እንዳረሰው እያወቁ ማጨድና ሳያውቁ ማጨድ አንድ አይደለም››።

ዝም አለች። ከዚያ፣ ‹‹ጋሼ፣ ታዲያ የማውቀው ለእሷ ምን ያደርግላታል?›› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የተነገረኝ ከዚህ የከረረ ጥያቄ የለም። የእኔ ሚዛን የእህቴን ልጅ ኅሊና አሳረፈ እንጂ ጓደኛዋን አላስቀመጣትም። ወንበር አንድ ሲሆን የሁለት ድሆች ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ወንበሩን አንድ ብቻ ያደረገው ግን ከመካከላቸው የለም። ‹‹ልተውላት?›› ብላ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ ሊመጣልኝ ይገባ የነበረው ‹‹ለምን አንድ ብቻ ሆነ?›› የሚለው ነበር። ያ ጥያቄ ዘግይቶ መጣልኝ።

ገባች። ዓመቱን ጨረሰች፤ ዶክትሬቱንም ጀመረች። የምታጠናው ያንኑ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጠውን ጂን ነው። ጓደኛዋ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ልታመለክት አስባ ነበር፤ የማመልከቻውንም ጽሑፍ ሁለቱ ሆነው ጽፈውት ነበር። ነገር ግን እናቷ ኩላሊታቸው ደክሞ ደም ማሳጠብ ጀመሩና እሷ ሥራ መጨመር ግድ ሆነባት። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል ትሠራለች። ‹‹እኔ የማጠናውን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሷ ናት›› አለችኝ የእህቴ ልጅ፤ ‹‹መድኃኒት ቤት እያለን፣ ‘ለምንድነው በእኛ ቤት ሁሉም ኩላሊት የሚታመመው?’ ትለኝ ነበር››።

በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሌጅ ቅበላ ዘርን እንዳይመለከት ወሰነ። በ2025 ደግሞ መንግሥት ብዝኃነት የሚል ስም የያዘውን ሁሉ ሲያሳድድ፣ ከእነዚህ የምርምር ሥልጠናዎች ብዙዎቹ ገንዘባቸው ተቋረጠ። ወንበሩ የማን ነበር ስንባባል ወንበሩ ራሱ ተነሣ። አንዳንድ ወገኖቼ ‹‹የእኛ ልጆች በጉብዝናቸው ይገባሉ›› ሲሉ እሰማለሁ። ይግቡ፤ እሰየው። እኔ ግን ይህን ስሰማ የሚታየኝ በእጄ የነበረው የላቦራቶሪ ቁልፍና ቅዳሜ ዕለት ሳይከፈት የቀረው በር ነው።